ምጣዱ ምን ያህል ይስባል?

ስለ መብራት ስናወራ አዘውትረን የምንጠራው ቮልቴጅን ነው። «ሰፈሩ ውስጥ ቮልቴጅ ወርዷል»፣ «ቮልቴጅ ጨምሮ ቴሌቪዥኑን አቃጠለው» እንላለን። ቮልት ብቻውን ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ቮልት የሚለካው ግፊቱን ነው፤ በዚያ ግፊት ምን ያህል ኮረንቲ በሽቦው እንደሚያልፍ የሚነግረን አምፔር ነው። ሁለቱን ያወቀ ሰው ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ያውቃል። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ሽቦው የኮረንቲውን ማለፍ ምን ያህል እንደሚገታ፣ ማለትም ሬዚስታንሱን፣ በኦም ያሳያል፤ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ ዕቃው የሚስበው ኃይል በዋት ይገኛል። አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ነው። ይህን ስሌት እንጀራ በኤሌክትሪክ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምጣዱን የሚያግለውም ሶኬቱን የሚያቀልጠውም አንድ ሕግ ነውና።

ሕጉን ያገኘው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም በኮሎኝ ከተማ አስተማሪ ነበር። የተለያየ ርዝመት ባላቸው ሽቦዎች የሚያልፈውን ኮረንቲ ሲለካ የዘመኑ ባትሪ ግፊቱ እየዋዠቀ አስቸገረው። ስለዚህ ቢስሙትና መዳብ ገጣጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ እያቆየ ከሙቀቱ ልዩነት የማይዋዥቅ ግፊት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1827 ሥራውን በመጽሐፍ ሲያወጣ በአገሩ የጠበቀውን አቀባበል አላገኘም፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሌይ ሜዳሊያን የሸለመው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1841 ነው። በእነዚያው ዓመታት እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሬዚስታንሱና ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳየ። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ወደ ምጣዱ እናምጣው። ከሸክላው ሥር በቦይ የተዘረጋው ጥቅልል ሽቦ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያሳልፋል እንበል። ሲካፈል 13.75 ኦም፣ ሲባዛ 3520 ዋት ይሆናል። አሁን ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ሽቦው ያው ስለሆነ ኮረንቲውም ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል፤ ኃይሉም 2356 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከመቶ 18 ሲሆን ኃይሉ የቀነሰው ግን ከመቶ 33 ነው፤ ሁለቱም ተባዦች አብረው ወርደዋልና። ምጣዱ «አልግል» የሚለው ለዚህ ነው። ኃይሉ ስለቀነሰ ሂሳቡ ይቀንሳል የሚል ካለም ቆጣሪው የሚቆጥረው ዋትን ከሰዓት ጋር አባዝቶ መሆኑን ያስታውስ። መጋገሪያው ሰዓት ሲረዝም ወደ አየር የሚባክነው ሙቀትም አብሮ ይረዝማል።

ስሌቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለጥገና ነው። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ የተበጠሱትን ጫፎች ጎትቶ ማቆላለፍ የተለመደ ነው። ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢያጥር ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፣ ኮረንቲው ወደ 17.8 አምፔር ይወጣል፣ ኃይሉም 3900 ዋት ያልፋል። ምጣዱ ቶሎ ስለሚግል ጥገናው የተሳካ ይመስላል። ለ16 አምፔር የተሠራው ሶኬት ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። በዚህ ላይ የላላ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ብቻ ቢጨምር፣ በ16 አምፔር እንኳ ከ120 ዋት ያላነሰ ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። ፕላስቲክ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው በዚህ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ዕቃ እዚህ ሲሰካ የሚቃጠለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በ120 ቮልት 1200 ዋት የሚስብ ማሞቂያ 12 ኦም ነው፣ በ220 ቮልት ደግሞ ከ4000 ዋት በላይ ልሳብ ይላል።

ይህ ሁሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው ሊባል ይችላል። መለካቱና መፈታታቱ በእርግጥ የባለሙያው ነው፤ ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም። ሥጋ ቤት ሚዛን የሚያነብ ደንበኛ ግን ብልት ማውጣት እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ዋቱ በዕቃው ላይ ተጽፏል የሚሉም አሉ፤ የተጻፈው ለአንድ ቮልቴጅና ላልተነካ ሽቦ ነው፣ ከጥገና በኋላ አያገለግልም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሬዚስታንስ ቋሚ አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የድሮው አምፖል ክር ሲበራ ሬዚስታንሱ ቀዝቃዛ ከነበረበት በብዙ እጥፍ ያድጋል። ሞተር ባለው ፍሪጅም ቮልትና አምፔር ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ከትክክለኛው ዋት ይበልጣል። የምጣድ ሽቦ ግን ሲግል ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በጥቂቱ ነው፤ በቤታችን ብዙ ኃይል ከሚስቡት ዕቃዎች አንዱ ለዚህ ቀላል ስሌት የሚታዘዝ መሆኑም ትልቅ ዕድል ነው።

እንግዲህ ምጣድ የሚያስጠግን ሰው «ገለ ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። «ስንት አምፔር ሳበ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ከሶኬቱና ከገመዱ አቅም ጋር ያስተያይ። ሶኬቱ ሸትቶ ከሚነግረን በፊት ቁጥሩ ይነግረናል።