ያልኖረ ዘመን እንዴት ይቆጠራል?

እውነተኛ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዘመን ቢያሳስት የሚያርመው አይጠፋም፤ ዜና መዋዕሉ፣ ሳንቲሙ፣ የመቃብሩ ድንጋይ ይመሰክርበታል። ነገር ግን ገና ያልመጣ፣ ምናልባትም ከቶ የማይመጣ ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ቢሳሳት ማን ይመሰክርበታል? ከራሱ መጽሐፍ በቀር ምስክር የለም። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚያነቡ ጓደኞቻችን በምሳ ሰዓት የሚያነሡት ክርክር አብዛኛው፣ «በዚያኛው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ አልነበረም ወይ?» የሚል ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ብዙ መጻሕፍት ለሚጋሩት አንድ የፈጠራ ዓለም እርስ በርሱ የማይጋጭ የዘመን ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። መጻሕፍቱ የወጡባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ለምሳሌ የምንወስደው የአይዛክ አሲሞቭን ሥራ ነው። አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» የተባለውን አጭር ታሪክ በ1942 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ አወጣ። ታሪኩ በኋላ እየሰፋ ሄዶ ከ1951 እስከ 1953 በሦስት መጻሕፍት ታተመ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሐሪ ሰልደን የሚባል የሒሳብ ሊቅ ከዋክብትን ሁሉ የሚገዛው ታላቅ መንግሥት እንደሚወድቅና ከውድቀቱ በኋላ 30,000 የጨለማ ዓመታት እንደሚከተሉ ያሰላል። መንግሥቱን ማዳን አይቻልም፤ ጨለማውን ግን ወደ 1,000 ዓመት ማሳጠር ይቻላል ብሎ ዕቅድ ያወጣል። እዚህ ላይ ቁጥር ለጌጥ የገባ አይደለም። አንባቢው ዓመቱን መቁጠር ካልቻለ ዕቅዱ መሳካቱንም ሆነ መክሸፉን ሊያውቅ አይችልም።

የሚያስገርመው ደራሲው ሲጀምር ሰንጠረዥ ያልነበረው መሆኑ ነው። የሮቦቶቹን ታሪክ ለብቻ፣ የጥንቱን የከዋክብት መንግሥት ታሪክም ለብቻ ይጽፍ ነበር። ሁሉን በአንድ ዘመን ለማገናኘት የተነሣው ከ1980 ወዲህ ነው። በ1988 «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» ሲወጣ በመግቢያው ላይ 14 መጻሕፍቱን በድርጊታቸው ቅደም ተከተል ዘረዘረ፤ ሲጀምርም እንዲህ ይያያዛሉ ብሎ አለማሰቡን ገለጸ። ከዚህ ሥራ የሚከተሉትን ትምህርቶች መቅሰም እንችላለን።

አንደኛ፣ የተጻፈበትን ተራ ከተፈጸመበት ተራ መለየት ነው። በ1988 የወጣው መጽሐፍ የሰልደንን ወጣትነት ስለሚተርክ በ1951 ከወጣው ይቀድማል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ መጽሐፉ የታተመበት፣ ሁለተኛው ነገሩ የሆነበት። ሁለት መጻሕፍት ሲጋጩ ደራሲው የትኛውን በምን ጊዜ፣ ምን እያወቀ እንደ ጻፈው የሚነግረን የመጀመሪያው ዓምድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥቂት ችካሎችን ማጽናት ነው። ለእያንዳንዱ ድርጊት ዓመት መስጠት ለስሕተት በር ይከፍታል። የፋውንዴሽን መቋቋም አንድ ችካል ይሁን፤ ሌላው ከዚያ በርቀት ይለካ። የመጀመሪያው ቀውስ የሚደርሰው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በ1982 የወጣው «ፋውንዴሽንስ ኤጅ» ደግሞ በ498 ዓመት ይጀምራል። አንድ ችካል ቢንቀሳቀስ በእሱ የተለኩት አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ርቀታቸው ግን አይፋለስም።

ሦስተኛ፣ ዘመን ሲለወጥ መጠንቀቅ ነው። በዚህ እኛ እንግዶች አይደለንም። ዓመተ ምሕረትን ወደ ዓመተ ዓለም ለመለወጥ 5500 እንደምራለን፤ ወደ አውሮፓ ለመለወጥ ደግሞ እንደ ወሩ 7 ወይም 8። አሲሞቭም ሁለት አቆጣጠር አለው። ሰልደን በጋላክሲ ዘመን በ11,988 ተወልዶ በ12,069 ሞተ ይላል፤ በፋውንዴሽን ዘመን ግን ከዓመቱ 79 ቀድሞ ተወልዶ በ1 ዓመት ሞተ ይላል። እስቲ እንቁጠር። በመጀመሪያው 81 ዓመት ይሆናል። በሁለተኛው፣ ዜሮ ዓመት አለ ካልን 80፣ የለም ካልን 79 ይሆናል። በየትኛውም መንገድ 81 አይመጣም! ስሕተቱ ያለው በመጀመሪያው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጎ ያልደመረ አንባቢ ግን አያየውም።

አራተኛ፣ ምስክሩን መጠየቅ ነው። ይህን የሰልደን ዘመን የሚነግረን ደራሲው በቀጥታ አይደለም፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ያለ አንድ ኢንሳይክሎፔዲያ ነው። እሱም በፋውንዴሽን ዘመን በ1020 የታተመ 116ኛ እትም ነው ተብሏል። ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ የጻፈ ሰው አንድ ሁለት ዓመት ቢስት አያስደንቅም። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠሪው ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ተናገረው ጭምር ይመዝግብ። ሆኖም ይህ መድኃኒት በልክ የሚወሰድ ነው። ግጭት በተገኘ ቁጥር «ምስክሩ ዋሽቶ ነው» ከተባለ ሰንጠረዡ ምንም የማያጸና ወረቀት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ጥገናው ራሱ ታሪክ እንዲሆን ማድረግ ነው። በ1950 በወጣው «ፔብል ኢን ዘ ስካይ» ውስጥ ድርጊቱ በጋላክሲ ዘመን በ827 ሲፈጸም የምድር አፈር በጨረር ተበክሏል፤ ምክንያቱም የጥንት የአቶም ጦርነት ይመስላል። ነገር ግን የቦምብ ጨረር እየቀነሰ የሚሄድ ስለሆነ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዲህ ሊቆይ አይችልም። አሲሞቭ በ1985 «ሮቦትስ ኤንድ ኤምፓየር» በተባለው መጽሐፍ ሌላ ምክንያት ሰጠው። ጠላቶች የምድርን ድንጋይ ጨረር ቀስ በቀስ የሚያባብስ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ጂስካርድ የሚባል ሮቦትም ሰዎች ምድርን ትተው በከዋክብት እንዲበተኑ ይሻላል ብሎ ሳይከለክል ይቀራል። የዚህ ውሳኔ ሸክም ግን አእምሮውን አጥፍቶ ይገድለዋል። ልብ እንበል፤ ደራሲው አሮጌውን መጽሐፍ አልሰረዘም። ቀዳዳውን የደፈነው አንድ ፍጡር ሕይወቱን በከፈለበት ምርጫ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው ሮበርት ሃይንላይን ነው። እሱ ታሪኮቹ ገና እየወጡ ሳሉ፣ በ1941፣ የወደፊቱን ዘመን ሰንጠረዥ በመጽሔት አሳተመ። ሥርዓቱ የሚያስቀና ነው፤ አደጋው ግን ዓመቶቹ ለራሱ ዕድሜ መቅረባቸው ነበር። በ1950 ባወጣው ታሪክ ሰውን ወደ ጨረቃ የሚልከው የአንድ ነጋዴ ጥረትና ገንዘብ ነው፤ በ1969 በእውነት የላከው ግን የአሜሪካ መንግሥት ሆነ። ቅርብ ዘመንን በቁጥር የሚያስር ደራሲ እውነተኛው ታሪክ ደርሶ እንደሚያልፈው ይወቅ።

እንግዲህ ከመካከላችን ብቻውንም ሆነ ከጓደኞቹ ጋር ሰፊ ዓለም ለመፍጠር የሚያስብ ቢኖር ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ካርድ ያዘጋጅ። በካርዱ ላይ መጽሐፉን፣ ገጹን፣ ቃሉን እንደ ወረደ፣ ተናጋሪውንም ይጻፍ። የተነገረውን በቀለም፣ ራሱ ያሰላውን በእርሳስ ያስፍር፤ እርሳሱን ቀለም ነው ብሎ ለሌላ አያሳልፍ። ያልታረቁትን ሁለት ካርዶችም ከመቅደድ ይልቅ ጎን ለጎን ያኑራቸው። የሰልደን 30,000 ዓመት ወደ 1,000 ሲያጥር ደስ የሚለን ደራሲው በታማኝነት ቆጥሯል ብለን ስላመንን ነው። አንባቢ ያልኖረን ዘመን የሚያምነው የሚቆጥርለትን ሰው አምኖ ነው፤ ሰንጠረዡም የሚጠብቀው ይህንን እምነት ነው።