የወንዝ ዳር ልማት ከቱቦ ይጀምራል

ስለ ወንዝ ዳር ልማት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያየው ሣሩን፣ መብራቱንና የእግር መንገዱን ነው። እኔ በከተማ ፕላን ሙያዬ መጀመሪያ የምጠይቀው ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ነው።

የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ከእንጦጦ ሲነሡ ጥርት ያሉ ናቸው። መሃል አዲስ አበባ ሲደርሱ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ ይቀበላሉ። ውሃው በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ በመንገዱም ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል። (ሰላጣው የት እንደሚሸጥ መቼም ታውቃላችሁ።)

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባው የሸገር ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያቀደ ነው። ብዙዎች የሚጠቅሱት አርአያ የሴኡሉ ቾንግጌቾን ወንዝ ነው፤ እዚያ ከላይ የነበረው ፈጣን መንገድ ፈርሶ ወንዙ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። የማይነገረው ግን በአብዛኛው የሚፈሰው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ መሆኑ ነው፤ የአካባቢው ፍሳሽም በተለየ መስመር ይወሰዳል።

በእኔ እምነት የፍሳሽ መስመር ሳይዘረጋ የሚሠራ መናፈሻ ሽታውን አያጠፋም። የዳርቻው ነዋሪም የሚነሣ ከሆነ ኑሮውና ሥራው አብሮ ይታሰብ።

ቤታችሁ ወንዝ አጠገብ ከሆነ፣ የመጸዳጃችሁ ቱቦ የት እንደሚያበቃ ዛሬውኑ ጠይቁ።