ተጨማሪ መረጃ፦ የኤምጂቢ እድገት

በእንግሊዝ አቢንግደን ከተማ የነበረው የኤምጂ ፋብሪካ ኤምጂቢ የተባለችውን ክፍት የስፖርት መኪና በ1962 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። የቀዳሚዋ የኤምጂኤ አካል በተለየ ሻንሲ ላይ የተጫነ ነበር። በሲድ ኤንቨር የተመሩት መሐንዲሶች ግን የአዲሷን አካልና ሻንሲ አንድ ወጥ አድርገው ሠሩት። ስለዚህ ኤምጂቢ ከኤምጂኤ ብታጥርም ውስጧ ይሰፋል።

የ1798 ሲሲ ሞተሯ ዋና ዘንግ መጀመሪያ በሦስት ኩሽኔቶች የተደገፈ ነበር፤ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ሆነውለት ይበልጥ ጠነከረ።

ከባዱ ለውጥ ከአሜሪካ መጣ። የአገሪቱን የደህንነት ደንብ ለማሟላት በ1974 የሚያብለጨልጨው የክሮም ፓራውልት በወፍራም ጥቁር ጎማ መሰል ፓራውልት ተተካ፤ መኪናዋም ከመሬት ከፍ ተደረገች። በዚህም ኩርባ ላይ የነበራት መረጋጋት ቀነሰ።

ምርቷ በ1980 እስኪቋረጥ ድረስ፣ ድፍን ጣሪያ ያላትን ጂቲን ጨምሮ፣ ከ500,000 በላይ ኤምጂቢዎች ተመርተዋል።