የውጅግራ ጥይት

የውጅግራ ጥይት በፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ (1874 እ.ኤ.አ.) የሚተኮስ ባለ 11 ሚሊሜትር የጥቁር ባሩድ ጥይት ነው። «ውጅግራ» የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» የሠሪው የኮሎኔል ባዚል ግራ ስም ነው፤ ከግራና ቀኝ ጋር አይገናኝም።

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ወደሚተኩሰው ለቤል ስትዞር ያረጀው ግራ ለገበያ ቀረበ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባ። በዓድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ሠራዊት ከታጠቃቸው ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። በ1928 ዓ.ም.ም ገና ከእጅ አልወጣም።

ጠመንጃው የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፣ ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል። እንዲህም ሆኖ መቆየቱ ከጥይቱ ጠባይ የመጣ ነው። 25 ግራም የሚመዝነው እርሳስ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ከባድ ስለሆነ ለጦርነትም ለትልቅ አውሬም ይበቃል፤ ዝሆን አዳኞችም ይዘውት ይወጡ ነበር። ዋናው ግን ቀለሃው ነው። ናስ ስለሆነ ተተኩሶ አይጣልም፤ መለኮሻው ተቀይሮ፣ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት እንደገና ይሞላል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከከሰል፣ ከድኝና ከፖታሲየም ናይትሬት በአገር ቤት ይቀመም ነበር፤ ጭስ አልባው በዚህ መንገድ አይሠራም።

ጥይት ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብም አገልግሏል። አንድ ጊዜ መተኮስ ገንዘብ እንደ ማውጣት ነበር ማለት ይቻላል።

መኳንንቱ ጠመንጃቸውን የሚያሲዙት አሽከር «ጠመንጃ ያዥ» ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬም በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ነው።