ሴት ከብት አይደለችም፤ አትወረስም

ገበሬ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ስለ ትዳር እንነጋገር። ነገሩ የሁላችንም ቤት ነገር ነው።

የአርሲ ደጋ ብርዱ ይጠናል፤ የስንዴውና የገብሱ ሥራም ይበዛል። ባል ሲሞት የሟቹ ወንድም ሚስቱን እንዲያገባ የሚያደርግ የቆየ ልማድ አለ። መሬቱና ከብቱ ከዘመድ እንዳይወጣ፣ ልጆቹም እንዳይበተኑ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች። ምክንያቱ ይገባናል። ግን ሴቲቱን ማን ጠየቃት?

አንዲት ሴት እንበል። የባሏን ወንድም አላገባም አለች። መሬቷን በእኩል ሰጥታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ዲክሲስ ከተማ ገባች። አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ በገበያ ቀን ሽንኩርት ትቸረችራለች። የመጀመሪያው ክረምት ከበዳት። ብትታመም ማን ይጠይቃት? ብትሞት ማን ይቅበራት? ዓመት ሳይሞላት እድር ገባች፤ እቁብም ጀመረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ነው። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። ጣራዋ ሲያፈስ ወጥቶ ደፈነላት። እሷም ለልጁ ትኩስ እንጀራ ላከች። ማታ ማታ የልጆቿን ደብተር ያይላቸዋል። «አዴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው» ይላታል። «ኦቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። አንድ ቀን ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። እሷ አሥር ጊዜ ወጥታ በሩን አየች። እንዴ፣ ምን ሆኛለሁ? አለች። ፍቅር ሳታስበው ገብቶባታል።

ሰው ግን ያወራል። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ» ይላል። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ባመቱ ሲያገባ ግን «ቤቱ እንዳይፈርስ ነው» ይባላል። ታዲያ የሴቲቱ ቤት ቤት አይደለም?

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ወንዱም ሴቷም እኩል ናቸው ይላል። እንግዲህ ዘመድ መምከር ይችላል፤ በእሷ ፋንታ እሺ ማለት ግን አይችልም። ጠለፋም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚሉ አሉ። የአርሲ ኦሮሞ ልማድ ግን ሴትን ዝም በይ አላላትም። ስታገባ እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ባል ሚስቱን ቢበድል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ። በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ይክሳል። ሲንቄን የሚያከብር አገር የሴትን ቃል ማክበር እንዴት ያቅተዋል?

ፍቅር ብቻውን ግን ቤት አያቆምም። ሁለቱም ልጆች አሏቸው፤ ንብረትም አላቸው። ስለዚህ ከመጋባታቸው በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ።

አንደኛ፣ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ ያንብቡ። ዛሬ የባልም የሚስትም ስም በአንድ ደብተር ይጻፋል። ስሟን በዓይኗ ትየው።

ሁለተኛ፣ እሷም እሱም ይዘው የመጡትን ንብረት በምስክር ፊት ያስጽፉ። ኋላ የሟች ልጆች ከእንጀራ አባት ወይም ከእንጀራ እናት ጋር እንዳይካሰሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ያላነበቡትን ወረቀት አይፈርሙ። ማንበብ ካልቻሉ የሚያምኑት ሰው ሁለት ጊዜ ያንብብላቸው።

እናንተ ሽማግሌዎች፣ እኛ ልጆቻችሁ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ባሏ የሞተባት ሴት ጉዳይ ሲመጣ ስለ በሬው፣ ስለ መሬቱ ከመነጋገራችሁ በፊት እሷን ጥሩና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» በሏት። እምቢ ካለችም እምቢታዋን አክብሩላት። የወደደችው ሰው ሽማግሌ ከላከ ደግሞ መርቁላት።