ፊዚክስ ተምሮ መምህር መሆን ያዋጣል?

«ይህን ሁሉ ዓመት ፊዚክስ ተምረህ መጨረሻህ መምህርነት ነው?» የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙናል። አንነቅፋቸውም፤ የሃይ-ቴክ ደመወዝ ከመምህር ደመወዝ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ነገር ግን በእስራኤል የፊዚክስ መምህራን እጥረት አለ። መምህር ከሌለ ደግሞ ልጆቻችን በ5 ዩኒት ፊዚክስ ባግሩት የሚወስዱበት ዕድል ይጠባል።

የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይወስዳል። ለማስተማር «ተዑዳት ሆራአ» የሚባለው የመምህርነት ምስክር ወረቀትና ስታጅ ይጨመራሉ።

ስለዚህ ልጅዎ ከመወሰኑ በፊት ታናናሾቹን እያስጠና ራሱን ይፈትን፤ ማስረዳት ደስ ይለዋል ወይስ ይሰለቸዋል? የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ካገኘም፣ ስንት ዓመት የማስተማር ግዴታ እንዳለበትና ቢያቋርጥ ምን ያህል እንደሚመልስ ሳይጠይቅ አይፈርም። ምርጫው ግን የእርሱ ይሁን፤ የእኛ ድርሻ ምክርና ምርቃት ነው።