ጨቅላ ምን ያውቃል?

«ጨቅላ ምን ያውቃል?» እንላለን። ሲያለቅስ ይጠባል፣ ሲጠግብ ይተኛል። ማነጋገሩን ግን አፉን ሲፈታ እንደርስበታለን ብለን እናቆየዋለን። ትልቁ ሥራ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ነው።

ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂ ሰው አንጎልን ሩብ ያህል ይመዝናል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ሦስት አራተኛውን ያህል ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እንደ መረብ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ብዙ የሚሠራበት መስመር ይጠነክራል፤ የማይሠራበት ይከስማል። ታዲያ መስመሩን የሚያሠራው ምንድን ነው? የሚያየው ፊት፣ የሚሰማው ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእሱ የሚሰጠው መልስ ነው።

ሳንሱሲ ውስጥ ጉሊት የምትቸረችር አንዲት እናት እናስብ። ልጇን አዝላ ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። መጫወቻ ግዢ፣ መዋዕለ ሕፃናት አስገቢ ብንላት ትስቅብናለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ሽንኩርቱን ስትደረድር «ይኼ ሽንኩርት ነው፣ ይኼ ደግሞ ቲማቲም» ብትለው፣ ልጁ «አ» ሲል «ምን አልክ የኔ ጌታ?» ብላ ብትመልስለት ገበያዋ አይጓደልም። በነጠላ ፊቷን ሸፍና ገለጥ ማድረጓም ትምህርት ነው፤ የተሸፈነ ነገር እንዳልጠፋ ልጁ የሚማረው እንዲህ ነው። እሹሩሩ ያሉን አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያደርጉት ነበር። ዝም እንዲል ብቻ ተብሎ የሚሰጠው ስልክ ግን ያበራል፣ ይጮኻል እንጂ ለልጁ «አ» መልስ አይሰጥም።

ነገሩ በጥናት ታይቷል። በጃማይካ አገር፣ በኪንግስተን ከተማ፣ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ከእነሱ ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄዱ፣ ከቤት ዕቃ በተሠራ መጫወቻ ከልጅ ጋር መጫወትን ለእናቶች ሁለት ዓመት አሳዩ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት ይልቅ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። በእኛም አገር፣ በጅማ፣ በከፋ ድህነት በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል፤ ልጆቹ በቋንቋና ከሰው ጋር በመግባባት ተሻሽለዋል።

ጨዋታ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 የአገራችን ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨር ቁመትን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ይጎዳል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ከሽሮ፣ ከእንቁላል፣ ከጎመን ጋር ቢሰጠው ይጠቅመዋል።

ጨውም ቀላል ነገር አይምሰለን። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አንጎል ይጎዳል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ቢሆንም ጨው ክፍት ሆኖ ፀሐይና እርጥበት ካገኘው አዮዲኑ ይቀንሳል። በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ልጁ ወደ ድምፅ ዞር የማይል፣ ዓመት ሲሞላውም «ባ ባ»፣ «ማ ማ» የማይል ከሆነ፣ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ወስዶ በመጀመሪያ ጆሮውን ማስመርመር ይገባል።